የትራጄዲ ባለታሪክ ስለምን ይወድቃል?

«ጀግና» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሲነገር ወዲያው በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ጋሻና ጦሩን ይዞ ጠላቱን ድል የነሣ ሰው ነው። በጥንት ግሪኮች የትራጄዲ ቲያትር ውስጥ ግን ጀግና የሚባለው ድል የነሣው ሳይሆን የወደቀው ነው። የወደቀም ሁሉ ደግሞ የትራጄዲ ጀግና አይባልም። ሌባ ተይዞ ቢታሰር፣ ወይም መንገደኛ ገደል ተንዶበት ቢሞት፣ ነገሩ ወሬ ይሆናል፤ የሚያሳዝንም ሊሆን ይችላል፤ ትራጄዲ ግን አይደለም። እንግዲህ ምን ዓይነት ሰው፣ በምን ምክንያት፣ እንዴት አድርጎ ሲወድቅ ነው የትራጄዲ ባለታሪክ የሚባለው? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ በተማሪዎች መካከል የሚዘወተር አንድ መልስ አለ። «ባለታሪኩ ታላቅ ሰው ነው፤ ነገር ግን አንድ የጠባይ ጉድለት አለበት፤ ጉድለቱም ትዕቢት ነው፤ ስለዚህ አማልክት ቀጡት» ይባላል። መልሱ አጭር ስለሆነ በቃል ለመያዝ ይመቻል፤ ለፈተና ወረቀትም ይስማማል። ችግሩ፣ ከትራጄዲዎች ሁሉ እጅግ የታወቀውን፣ የሶፎክልስን «ንጉሥ ኤዲፐስ» ከፍተን ስናነብ መልሱ ከጨዋታው ጋር አለመግጠሙ ነው። የእኛ አሳብ እንዲህ ነው፤ የትራጄዲ ባለታሪክ የሚወድቀው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ሳያውቅ ስለሳተ ነው፤ ጀግና የሚያሰኘውም መውደቁ ሳይሆን የሳተውን ራሱ ፈልጎ ማግኘቱና «የእኔ ነው» ማለቱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቦታውና ስለ ጊዜው ጥቂት እንበል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ምዕት ዓመት፣ በአቴና ከተማ፣ በየዓመቱ በመጋቢት ወር ገደማ ዲዮኒሶስ ለተባለው አምላክ ታላቅ በዓል ይደረግ ነበር። በዚህ በዓል ላይ ሦስት የትራጄዲ ደራሲዎች ይወዳደራሉ፤ እያንዳንዱ ደራሲ ሦስት ትራጄዲና አንድ ቀልድ የተቀላቀለበት ጨዋታ ያቀርባል። ሕዝቡ ከአክሮፖሊስ በስተደቡብ ባለው ተረተር ላይ በብዙ ሺሕ ተሰብስቦ በጠራራ ፀሐይ ይመለከታል። ተዋንያኑ ወንዶች ብቻ ሲሆኑ ፊታቸውን በጭምብል ይሸፍናሉ፤ ኮረስ የተባለው የመዘምራን ጓድ ደግሞ እየዘፈነና እየጨፈረ በነገሩ ላይ አስተያየቱን ይሰጣል። ሶፎክልስ በ496 ዓመተ ዓለም ገደማ ተወልዶ በ406 የሞተ የአቴና ሰው ነው። ከ120 በላይ ቲያትሮች እንደ ጻፈ ይነገራል፤ ሙሉ ሆነው የደረሱን ግን 7 ብቻ ናቸው።

የኤዲፐስ ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው። የቴብስ ንጉሥ ላዮስ ከልጁ እጅ እንደሚሞት በዴልፊ ትንቢት ተነገረው። ስለዚህ ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ቁርጭምጭሚቱ ተበስቶ፣ በተራራ ላይ እንዲጣል ለአንድ እረኛ ተሰጠ። እረኛው ግን አዘነለትና ለሌላ እረኛ ሰጠው፤ ልጁም በቆሮንቶስ ንጉሥ በፖሊበስ ቤት እንደ ልጅ ሆኖ አደገ። የእግሩ እብጠት ስም ሆነበት፤ ኤዲፐስ ማለት «እግረ እብጥ» ማለት ነው። ጎልማሳ ከሆነ በኋላ አንድ ሰካራም «አንተ የፖሊበስ ልጅ አይደለህም» ቢለው እውነቱን ለመጠየቅ ወደ ዴልፊ ሄደ። በዚያም አባቱን እንደሚገድልና እናቱን እንደሚያገባ ተነገረው። ይህን ክፉ ነገር ለመሸሽ ወደ ቆሮንቶስ ላለመመለስ ቆረጠ። በመንገዱም ሦስት ጎዳናዎች በሚገናኙበት ስፍራ ከአንድ ሽማግሌና ከአጃቢዎቹ ጋር ተጣልቶ ገደላቸው። ከዚያም ወደ ቴብስ መጥቶ ስፊንክስ የተባለችውን አውሬ እንቆቅልሽዋን ፈትቶ ከተማይቱን ስላዳነ ሕዝቡ አነገሠው፤ ባሏ የሞተባትን ንግሥት ዮካስታንም አገባ።

ልብ ማለት የሚገባን፣ ይህ ሁሉ የሆነው ቲያትሩ ከመጀመሩ በፊት መሆኑን ነው። መጋረጃው ተገለጠ እንዳንል በዚያን ዘመን መጋረጃ አልነበረም፤ ብቻ ጨዋታው ሲጀምር ቴብስ በቸነፈር ተመታለች፤ ሕዝቡም ወደ ንጉሡ መጥቶ «እንደ ቀድሞው አድነን» እያለ ይለምናል። ቸነፈሩ የሚለቀው የላዮስ ገዳይ ሲገኝ ነው የሚል ቃል ከዴልፊ ይመጣል። ኤዲፐስም ገዳዩን ለማግኘት ይነሣል። ከዚህ በኋላ በመድረክ ላይ የምናየው ነፍስ ግድያ ወይም ጦርነት ሳይሆን ምርመራ ነው። መርማሪው ንጉሥ ነው፤ የሚፈለገው ወንጀለኛም እሱ ራሱ ነው።

አሁን ወደ አርስቶትል እንለፍ። አርስቶትል የተወለደው በ384፣ ማለትም ሶፎክልስ ከሞተ ከ22 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ «ስለ ግጥም ጥበብ» በተባለው መጽሐፉ የጻፈው ደራሲዎች እንዲታዘዙት የወጣ ደንብ ሳይሆን፣ ተጽፈው ተጫውተው ያለፉትን ቲያትሮች ተመልክቶ የሰጠው ፍርድ ነው። አርስቶትል ትራጄዲ በሰው ልብ ውስጥ ርኅራኄንና ፍርሃትን ማሳደር አለበት ይላል። ርኅራኄ የምናሳየው ሳይገባው መከራ ለደረሰበት ሰው ነው፤ ፍርሃት የሚይዘን ደግሞ መከራው የደረሰበት ሰው እኛን ሲመስል ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሦስት ዓይነት ታሪኮችን አይሆኑም ብሎ ይጥላል። ፍጹም ደግ ሰው ከደስታ ወደ መከራ ቢወርድ ተመልካቹን ያስቆጣዋል እንጂ ርኅራኄና ፍርሃት አያሳድርበትም። ክፉ ሰው ከመከራ ወደ ደስታ ቢሸጋገርም ከትራጄዲ እጅግ የራቀ ነው። እጅግ ክፉ የሆነ ሰው ከደስታ ወደ መከራ ቢወድቅ ደግሞ ፍርድ ተገኘ ብለን ደስ ይለናል እንጂ አናዝንም፤ አንፈራምም። የሚቀረው በመካከል ያለ ሰው ነው፤ ይኸውም በደግነቱ ከሰው ሁሉ ያልበለጠ፣ በክፋቱም ያልታወቀ፣ በክብርና በዝና የሚኖር፣ የወደቀውም በክፋት ሳይሆን በአንድ «ሐማርቲያ» ምክንያት የሆነ ሰው ነው። ለዚህም አርስቶትል ምሳሌ አድርጎ ስሙን ከጠራቸው ሰዎች አንዱ ራሱ ኤዲፐስ ነው።

የክርክሩ ቁልፍ ያለው በዚህች «ሐማርቲያ» በምትባል ቃል ላይ ነው። ብዙ መጻሕፍት «የጠባይ ጉድለት» እያሉ ይተረጉሟታል። የቃሏ ሥር ግን ስለ ጠባይ አይናገርም። በጥንቱ በሆሜር ግጥም ጦር ተወርውሮ ዒላማውን ሲስት የሚነገረው ግሥ ይኸው ነው። ኋላም የሐዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች ይህንኑ ቃል «ኀጢአት» ለማለት ተጠቀሙበት። እኛ ግእዝን ላወረሰን አገር ልጆች ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በግእዝ «ኀጥአ» ማለት በደለ ማለት ብቻ አይደለም፤ አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለትም ነው። ዛሬ በየቀኑ የምንናገረው «አጣ» የሚለው አማርኛ የመጣው ከዚሁ ሥር ነው። በዕብራይስጥም የዚህ ቃል ዘመድ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20 ላይ ወንጭፋቸው ዒላማ ስለማይስት ሰዎች ሲነገር ይገኛል። እንግዲህ በግሪክም በግእዝም ከኀጢአት በታች «መሳት» አለ፤ ሰው የሚፈልገውን ዒላማ ሳያገኝ መቅረቱ አለ። አርስቶትል «ሐማርቲያ» ሲል ይህን የጥንቱን ትርጉም ይዞ ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

ይህን የሚያጠነክርልን ራሱ አርስቶትል በሌላ መጽሐፉ፣ በሥነ ምግባር ድርሰቱ በ5ኛው ክፍል፣ የጻፈው ነው። በዚያ ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይለያያል። ማንም ሊጠብቀው ሳይችል ለደረሰው ጉዳት «አደጋ» ይለዋል፤ ሊጠበቅ እየተቻለ ነገር ግን ያለ ክፋት ሲደረግ «ስሕተት» ይለዋል፤ እያወቀ ሲያደርገው «በደል» ይለዋል። እዚያው አጠገብም፣ ሰው አንድን ሰው መምታቱን እያወቀ የተመታው አባቱ መሆኑን ላያውቅ ይችላል ብሎ ምሳሌ ይሰጣል። ይህን ያነበበ ሁሉ ሦስት ጎዳና የተገናኘበት ያ ስፍራ ትዝ ሳይለው አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መቃወሚያ ሊነሣብን ይችላል። «ኤዲፐስ እኮ ቁጡ ነው! በመንገድ ላይ ሰው ገደለ፤ ዓይነ ስውሩን ነቢይ ቲሬሲያስን ሰደበ፤ የሚስቱን ወንድም ክሬዎንን ያለ ማስረጃ በክሕደት ወነጀለ። ይህ ትዕቢት ካልሆነ ምን ትዕቢት አለ?» የሚል አለ። ቁጡነቱን አንክድም። ኮረሱም በአንደኛው መዝሙሩ ትዕቢትን ነቅፎ መዘመሩ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ጥፋት አለበት ማለትና ጥፋቱ የውድቀቱ ምክንያት ነው ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመንገዱ ላይ መጀመሪያ የገፉት የሽማግሌው ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌውም ራሱን መትቶታል። ኤዲፐስ ያገኘው ቅጣት በመንገድ ጠብ ሰው ለገደለ የሚሰጥ ቅጣት አይደለም። ዘግናኝ ያደረገው ሟቹ አባቱ መሆኑ ነው፤ ይህን ደግሞ አያውቅም ነበር። እናቱንስ ያገባው በየትኛው ቁጣ ነው? ትንቢቱም የተነገረው ገና ሳይወለድ ነው፤ ያልተወለደ ልጅ ትዕቢት የለውም። አርስቶትልም በግጥም ድርሰቱ ትዕቢትን የትራጄዲ ውድቀት ምክንያት አድርጎ አላስቀመጠም። ይህን ከእሱ መጽሐፍ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም ነው።

ቁጣው ታዲያ ምን ይሠራል? ኤዲፐስን ከመላእክት ለይቶ እኛን እንዲመስል ያደርገዋል። ቁጣና ጥርጣሬ የሌለበት ሰው ቢሆን አርስቶትል ከጣላቸው ከፍጹማን ወገን በሆነና ባልፈራንለት ነበር።

ሌላው መቃወሚያ ከተቃራኒ ወገን ይመጣል። «ሁሉ አስቀድሞ የተወሰነ ከሆነ ኤዲፐስ የአማልክት መጫወቻ ነው፤ መጫወቻ ደግሞ ጀግና አይሆንም» ይባላል። መልሱን በቲያትሩ አሠራር ውስጥ እናገኘዋለን። በዴልፊ ለኤዲፐስ የተነገረው ሁለት ነገር ነው፤ አባቱን መግደሉና እናቱን ማግባቱ። ሁለቱም ጨዋታው ሳይጀምር ተፈጽመዋል። በመድረክ ላይ የምናየው ምርመራ ግን በየደረጃው የኤዲፐስ ምርጫ ነው። ቲሬሲያስ «ተወኝ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ» እያለ ሲለምነው አልለቀቀውም። ዮካስታ እውነቱ ቀድሞ ገብቷት «በሕይወትህ እንዳትጠይቅ» ስትለው አልተወም። የመጨረሻው እረኛ ሊናገር አልወድ ሲል አስገድዶ አናገረው። ሊሰማው የሚያስፈራው ነገር ደጁ ላይ መድረሱን እያወቀ መስማት ግን አለብኝ ያለ ሰው ነው። ኤዲፐስን የጣለው አለማወቁ ቢሆንም፣ ወደ እውነቱ ያደረሱት ለከተማው ማሰቡና እውነትን ሳያገኝ አለማረፉ ናቸው። በጎ ጠባዩ ወደ ጥፋቱ እውቀት መራው፤ የትራጄዲ ምሬት ያለው እዚህ ላይ ነው።

የሶፎክልስ ጥበብ ደግሞ ይህን በአነጋገሩ ማሳየቱ ነው። ቅኔ የሰማ ሰው ሰምና ወርቅ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ባለ ቅኔው ሰሙን ሲናገር ወርቁን በልቡ ይዟል። በኤዲፐስ አፍ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የላዮስን ገዳይ ሲረግም፣ ለሟቹም እንደ አባቱ ሆኖ እንደሚበቀልለት ሲናገር፣ ተናጋሪው የያዘው ሰሙን ብቻ ነው፤ ወርቁን ታሪኩን አስቀድሞ የሚያውቀው የአቴና ሕዝብ ይሰማዋል። በትውፊት እንደሚነገረው የስፊንክስ እንቆቅልሽ በጧት በአራት፣ በቀትር በሁለት፣ በማታ በሦስት እግር የሚሄደው ምንድን ነው የሚል ሲሆን፣ ኤዲፐስ «ሰው» ብሎ መልሷል። ሰውን ሁሉ የሚመለከተውን እንቆቅልሽ የፈታው እሱ የራሱ ልደት እንቆቅልሽ ሆኖበት ይኖር ነበር። ዓይነ ስውሩ ቲሬሲያስ ሲያይ ዓይናማው ኤዲፐስ አላየም፤ ኤዲፐስ ያየ ዕለት ደግሞ በዮካስታ ልብስ መርፌ ዓይኖቹን አጠፋ።

አርስቶትል ለመልካም ትራጄዲ ሁለት ነገሮችን ይጠቅሳል፤ አንደኛው የነገር መገልበጥ፣ ሁለተኛው ማወቅ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ እጅግ ያማረ ነው ይላል፤ ምሳሌውም ይኸው ጨዋታ ነው። ከቆሮንቶስ የመጣው መልእክተኛ ኤዲፐስን ከፍርሃት ሊገላግል አስቦ «ፖሊበስ አባትህ አይደለም» ይለዋል። ሊያጽናናው የተናገረው ቃል የጥፋቱ በር ሆነ። ነገሩ የተገለበጠውና እውነቱ መታየት የጀመረው በአንድ ቃል ነው።

ይህ መለኪያ ለሌሎች ቲያትሮች ይሠራ እንደሆነ መፈተን ይገባል። በሶፎክልስ «አንቲጎኔ» ውስጥ ክሬዎን የወንድሟ ሬሳ እንዳይቀበር ያዝዛል፤ አንቲጎኔም ትእዛዙን ጥሳ ስለቀበረችው ሞት ይፈርድባታል። የክሬዎን ስሕተት ከኤዲፐስ ይለያል። ማንነቱን አላጣም፤ የሳተው በፍርዱ ነው፤ ልጁም ነቢዩም መክረውት እንቢ ብሏል። ሆኖም ክፋትን ፈልጎ አይደለም፤ አገር የሚጸናው በትእዛዝ ነው ብሎ አምኖ ነው። ኋላ ልቡን መልሶ ሊያድናት ሲሄድ አንቲጎኔ ሞታ አገኛት፤ ልጁና ሚስቱም ራሳቸውን ገደሉ። በመጨረሻ ጥፋቱን በሌላ ላይ ሳይጭን በራሱ ላይ መቀበሉ ከኤዲፐስ ጋር ያዛምደዋል። እንግዲህ «ሐማርቲያ» አንድ መልክ ብቻ የለውም፤ ከንጹሕ አለማወቅ ጀምሮ እስከ ግትር አለመስማት ድረስ ይዘልቃል።

የማይገጥምም አለ። በ431 ዓመተ ዓለም በአቴና የታየችው የዩሪፒደስ «ሜዲያ» የከዳትን ባሏን ለመበቀል የገዛ ልጆቿን ትገድላለች። ሳታውቅ አይደለም፤ የምታደርገው ክፉ መሆኑን እያወቀች፣ ከራሷ ጋር ተሟግታ ነው። መጨረሻም ትወድቃለች እንዳንል በሠረገላ ታመልጣለች። ይህን ትራጄዲ አይደለም የሚል ሰው መኖሩን እንጠራጠራለን። ስለዚህ የአርስቶትል ቃል ለበሽታ ሁሉ የሚሆን መድኃኒት አይደለም፤ አንዱን ታላቅ የትራጄዲ ዓይነት የሚያስረዳ ነው።

ይህ ሁሉ ክርክር ለምን ይጠቅማል? ስለ ወደቀ ሰው ስንናገር በአፋችን ላይ የሚቀድሙ ሁለት አባባሎች አሉ። አንዱ «የእጁን አገኘ» የሚል ነው፤ ሌላው «ዕድሉ ነው» የሚል ነው። ሁለቱም ከማሰብ ያሳርፋሉ። የመጀመሪያው ርኅራኄን ያስቀርልናል፤ የሁለተኛው ኀላፊነትን ያስቀርልናል። ትዕቢቱ ጣለው የሚለው የፈተና መልስም የመጀመሪያው አባባል የተማረ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ነው፤ «እኛ ትዕቢተኞች ስላልሆንን አይደርስብንም» ብለን እንድንተኛ ያደርገናል። ሶፎክልስ ግን ሁለቱንም ይነሣናል። ዓይኖቹን ካጠፋ በኋላ ኮረሱ «ማን ነው ለዚህ ያደረሰህ?» ብሎ ሲጠይቀው ኤዲፐስ የሚሰጠው መልስ፣ መከራውን ያመጣው አፖሎ መሆኑን፣ ዓይኖቹን የመታው እጅ ግን የማንም ሳይሆን የራሱ መሆኑን የሚያስታውቅ ነው። በአንድ አፍ ሁለቱንም ይናገራል፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ሶፎክልስ በሕይወቱ ፍጻሜ ወደዚሁ ሰው ተመልሷል። ደራሲው ከሞተ በኋላ በ401 የልጅ ልጁ ባሳየው «ኤዲፐስ በኮሎኖስ» በተባለው ቲያትር፣ የሸመገለው ኤዲፐስ በሕግ ፊት ንጹሕ መሆኑን፣ ያደረገውን ሳያውቅ ማድረጉን በግልጽ ይከራከራል። ሲፈርድበት የኖረውን ስሕተት በልኩ መመዘን ተማረ እንጂ ድርጊቱን አልካደም።

ነገ ከመካከላችን አንዱ በዳኝነት ወንበር፣ ሌላው በመምህርነት፣ ሌላው በአስተዳደር ሥራ ላይ ይቀመጣል፤ የወደቁ ሰዎችም በየፊታችን ይቆማሉ። በዚያን ጊዜ ከዚህ ጥናት የሚተርፈን ሦስት ጥያቄ ነው። ይህ ሰው ምን ያውቅ ነበር? ሊያውቅ ይችል የነበረውስ ምን ነበር? ካወቀ በኋላስ ምን አደረገ? የትራጄዲን ባለታሪክ የምንለየው በነዚህ ጥያቄዎች ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ለፈራጁም ይመለሳል፤ እውነቱ ወደ ራሱ ደጅ እየቀረበ ሲመጣ ምርመራውን የሚያቋርጥ ብዙ ነውና። ኤዲፐስ አላቋረጠም።